ላፕቶፑን የገደለው ሊኑክስ ነው ወይ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በደሴና በኮምቦልቻ ላፕቶፕ የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። ይህን የምንጽፈው በሁለቱም ከተሞች «ሊኑክስ ጭኜበት ላፕቶፔ ተበላሸ» የሚል አቤቱታ ስለበዛ ነው። ሊኑክስ በዊንዶውስ ምትክ ወይም ከጎኑ የሚጫን ነፃ ሲስተም ነው። አንዳንዱ እውነት አለው። አብዛኛው ግን በተሳሳተ ተከሳሽ ላይ የቀረበ ክስ ነው። ፍርዱም ከባድ ነው፦ ሳይለካ ማዘርቦርድ ይቀየራል፣ ወይም ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ተመልሶ ይጫንና የቆየው ሕመም ውስጥ ለውስጥ ይቀጥላል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ያለውን ይጠይቃል። ከፒያሳም ሆነ ከሸዋ በር ያገለገለ ኤችፒ፣ ዴል ወይም ሌኖቮ የገዛ ሰው ማሽኑ ከዚያ በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አይ5-6300ዩ የሚል ጽሑፍ ላይ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው 6 ጄኔሬሽኑን ትናገራለች። ስለዚህ ተማሪውም የቢሮ ሠራተኛውም ወደ ሊኑክስ ሚንት ወይም ወደ ኡቡንቱ (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) መሄዱ ትክክል ነው፤ እኛም እንመክራለን።

ከለውጡ በኋላ የሚታየው ችግር ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ወይም ዊንዶውስ ውስጥ የቀረ አንድ ቅንብር ነው። ሦስተኛው ቀድሞ የነበረ የዕቃ ብልሽት መጫኑ ያጋለጠው ነው። ሦስተኛው ከሚታሰበው በላይ ይበዛል። ምክንያቱም አዲስ ሲስተም ሲጫን ዲስኩ ለዓመታት ተነክቶ በማያውቅ ቦታው ላይ ሁሉ ሊጻፍበት ይችላል፣ ፕሮሰሰሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል። የደከመ ዲስክና አቧራ የደፈነው ፋን በዚያች ሰዓት ነው እጅ የሚሰጡት።

ሦስቱን ለመለየት ሊኑክስን ዲስኩ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነስቶ መሞከር ይቻላል። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል፤ የሚንት ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ኔትወርክ እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ግን ብዙ ጊዜ ጎደሎ ስለሚሆን፣ በአውራጁ ገጽ ላይ ካለው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ሳይመሳከር ፍላሽ ላይ መጻፍ የለበትም። ፍላሹን ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በሚባሉት የፍላሽ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ካዘጋጁ በኋላ ማሽኑ ሲነሳ በኤችፒ ኤፍ9፣ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12 በመጫን ከፍላሹ ይነሳል። የኤሰር ኤፍ12 በአንዳንድ ሞዴሎች ባዮስ ውስጥ ካልተፈቀደለት አይሠራም። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ወስዶ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ የስክሪን ብርሃን፣ ካሜራ፣ ታችፓድ፣ እያንዳንዱ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት መንቃቱ፣ ቻርጅ ማድረጉ አንድ በአንድ ይታያሉ። ከፍላሹ ላይ የሠራ ነገር ከተጫነ በኋላ እምቢ ካለ ጥፋቱ የቅንብር ወይም የድራይቨር ነው። በዊንዶውስም በፍላሹም እምቢ ያለ ነገር የዕቃ ብልሽት ነው። በዊንዶውስ እየሠራ በፍላሹ እምቢ ያለ የድራይቨር ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ማንም ብሎን መፍታት የለበትም።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ትእዛዞች ኪቦርድ ላይ የሚመቱት በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው። ጋዜጣው የአማርኛ ስለሆነ ፊደላቸውን እየቆጠርን፣ አንዳንዱንም እንደሚነበብ አስፍረናል።

በብዛት ከሚመጣው ከዋይፋይ እንጀምር። መጀመሪያ የካርዱን ማንነት ማወቅ ነው፤ የላፕቶፑ ስም አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ኤችፒ ሦስት የተለያየ ካርድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ተከፍቶ ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ኤን-ኤን-ኬ ይጻፋል። ከሚወጣው ዝርዝር «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ፈልጉ፤ ከጎኑ በቅንፍ አራት አኃዝ፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት አኃዝ አለ። የፊተኛው አምራቹን ይናገራል፦ 8086 ኢንቴል፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 168ሲ አቴሮስ ነው። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ ድራይቨሩ ተጭኗል፣ ችግሩ ሌላ ነው። መስመሩ ከሌለ ድራይቨር የለውም። ኢንቴልና አቴሮስ በአብዛኛው ምንም ሳይጠይቁ ይሠራሉ። ራስ ምታት የሚሆኑት ሁለቱ ናቸው።

ብሮድኮም ቢሲኤም4313 እና ቢሲኤም43142 በብዙ ኤችፒና ዴል ውስጥ አሉ። ቢሲኤም43142 ከኩባንያው የተዘጋ ድራይቨር ውጭ አይሠራም፤ 4313 ከሲስተሙ ጋር በሚመጣው ነፃ ድራይቨር ሊሠራ ይችላል፣ ከደከመ ግን የተዘጋው ይሻለዋል። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። መውጫው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። የአንድሮይድ ስልክ በዳታ ኬብል ይሰካል፣ ሴቲንግ ውስጥ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» ይበራል። ሊኑክስ ወዲያው እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ርካሽ ኬብል ግን ለዚህ አይሆንም፤ ቴተሪንግ የሚለው ደብዝዞ እምቢ ካለ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ፓኬጅ መጨረስ የማይፈልግ ሰው ስልኩን ከቢሮው ወይም ከካምፓሱ ዋይፋይ ጋር አገናኝቶ በኬብሉ ማሳለፍ ይችላል፤ ብዙ ስልኮች ይፈቅዳሉ። ከዚያ በሚንት «ድራይቨር ማኔጀር»፣ በኡቡንቱ «አዲሽናል ድራይቨርስ» ተከፍቶ ብሮድኮም የሚለው ይመረጣል። ሚንት የጫነ ሰው የመጫኛ ፍላሹን መልሶ ቢሰካ ድራይቨር ማኔጀር የብሮድኮሙን ከዚያው ሊወስደው ይችላል።

ድራይቨሩ ተጭኖም ዋይፋዩ የማይታይበት አንድ ወጥመድ አለ፦ ሴኪዩር ቡት፣ ማለትም ፊርማው ያልታወቀ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው ቅንብር። ባዮስ ውስጥ ይህ በርቶ ከሆነ ሲስተሙ በመጫን ሰዓት ከ8 እስከ 16 ፊደል የሆነ የይለፍ ቃል ያስመርጣል። ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ አንድ ሰማያዊ ገጽ ለጥቂት ሰከንድ ብቅ ይላል። በፍጥነት ቁልፍ ተጭኖ «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ» ይመረጥና ያ ይለፍ ቃል ይገባል። ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው ያሳልፈዋል፤ ድራይቨሩም ፊርማው ስላልታወቀ እንዳይነሳ ይታገዳል። ካመለጠ ቀላሉ መንገድ ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ ማጥፋት ነው። ዊንዶውስን ጎን ለጎን ያስቀረ ሰው ግን ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ሳያይ ይህን አይንካ። ከተቆለፈ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ሲነሳ 48 አኃዝ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ያን ቁልፍ አስቀድሞ ያልጻፈ ሰው ፋይሉን ሊያጣ ይችላል።

ሪልቴክ አርቲኤል8723ቢኢ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ዋይፋዩ ይታያል፣ ይገናኛል፣ ነገር ግን ከራውተሩ ሁለት ሜትር ከራቁ ይሞታል። ካርዱ ሁለት የአንቴና መሰኪያ አለው፤ አምራቹ ወጪ ለመቆጠብ አንዱን ብቻ በሽቦ አገናኝቶታል፣ ድራይቨሩ ደግሞ ባዶውን ያዳምጣል። መፍትሔው ኢቲሲ በሚባለው የሲስተሙ የቅንብር ማኅደር ውስጥ ሞድፕሮብ-ነጥብ-ዲ በሚባለው ማኅደር ሥር፣ ስሙ በነጥብና በ«ሲ-ኦ-ኤን-ኤፍ» የሚያልቅ አዲስ ፋይል ከፍቶ «ኦፕሽንስ አርቲኤል8723ቢኢ አንት_ሰል=2» የሚል አንድ መስመር መጻፍና ሪስታርት ማድረግ ነው። ካልተሻለ 2ን በ1 መቀየር። ሽፋኑን መክፈት ለሚችል ሰው ሽቦዋን ከአንዱ መሰኪያ ነቅሎ ወደ ሌላው መትከልም ያንኑ ይሠራል፤ ጫፏ ግን ቀጭን ናት፣ ቀጥ ብላ ወደ ላይ እንጂ በጎን አትነቀል።

ካርዱ ታውቆ «ዋይፋይ ጠፍቷል» ከሚል ገጽ አልወጣ ካለ አር-ኤፍ-ኪል፣ ክፍተት፣ ሊስት ተብሎ ይጻፍ። «ሶፍት ብሎክድ» የስ ካለ ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ኦል ይፈታዋል፤ ሱዶ ትእዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይፈጸም ማለት ነው። «ሃርድ ብሎክድ» የስ ካለ በጎን ያለ ትንሽ ማብሪያ ወይም የኤፍኤን ቁልፍ ነው፤ ሶፍትዌር አያበራውም። ካርድ ለመለወጥ የወሰነ ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ፤ አሮጌ የሌኖቮ ቲንክፓዶችና ኤችፒዎች ባዮሳቸው የማያውቀውን ካርድ ሲያገኙ «1802» የመሰለ ስሕተት ጽፈው አንነሳም ይላሉ።

ሰዓት ላይ የሚነሳውን ክርክር በአጭሩ እንዝጋው። ሁለቱንም ሲስተም የያዘ ላፕቶፕ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የነበረው ዊንዶውስ ሲከፈት 6 ሰዓት ይሆናል። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ሰዓት ላይ የሚጽፈው የግሪኒችን ሰዓት ነው፣ ዊንዶውስ ግን የአገር ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል፤ እኛ ደግሞ ከግሪኒች 3 ሰዓት እንቀድማለን። ታይምዴት-ሲ-ቲ-ኤል ሴት-ሎካል-አር-ቲ-ሲ 1 የሚለው ትእዛዝ ያስታርቃቸዋል። ሲስተሙ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ማስጠንቀቂያው በዋናነት በጋና በክረምት ሰዓታቸውን ለሚያዛውሩ አገሮች ስለሆነ እዚህ ብዙ አያሳስብም። ሰዓቱ በ3 ሳይሆን በዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ግን ሌላ ነው፤ የባዮስ ባትሪው፣ ሲአር2032፣ አልቋል። ይህ ተራ ነገር ይመስላል እንጂ ብዙ ነገር ያስቆማል። ቀኑ የተሳሳተ ላፕቶፕ ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያለ ይዘጋል፣ ማሻሻያ ሲጠየቅም «ፋይሉ ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሳል። ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል። አዲስ ባትሪ በመልቲሜትር ሲለካ ከ3 ቮልት ጥቂት ይበልጣል፤ በብዙ ላፕቶፕ ውስጥ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ባለ ሁለት ሽቦ መሰኪያ ስላለው ሲገዛ ሽቦ ያለው መሆኑ ይታይ።

አሁን ወደ ኃይል። «ሊኑክስ ከተጫነ በኋላ ዔሊ ሆነ» የተባለ ዴል ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ቻርጀሩ ነው። የዴል ክብ ጫፍ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን መርፌ ኤሌክትሪክ አታስተላልፍም። ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለማዘርቦርዱ የምትናገር የመረጃ መስመር ናት። መርፌዋ ከታጠፈች፣ ሽቦዋ ከተቆረጠ ወይም ቻርጀሩ ያ ቺፕ የሌለው ኮፒ ከሆነ ባዮሱ «ዓይነቱን ማወቅ አልቻልኩም» ይልና ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ባትሪውን መሙላት ያቆማል፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ 800 ሜጋኸርትዝ ወይም ከዚያ በታች ያወርደዋል። ይህን ሊኑክስም ዊንዶውስም አያዝዝም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ኤፍ2 ተጭኖ ባዮስ ሲገባ የቻርጀሩ ዋት ተጽፎ ካልታየ፣ ወይም ቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ፍጥነቱ ከተመለሰ ሌላ አትፈልጉ። ሌላ እርግጠኛ ቻርጀር ተሰክቶ ካልዳነ የላፕቶፑ መሰኪያ ነው፤ እሱም በብዙ የዴል ላቲትዩዶች በሽቦ የተያያዘ ለብቻው የሚቀየር ዕቃ ነው። ለዚህ ማዘርቦርድ ያስለወጠ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ከፍሏል። ዋቱም ይታይ፦ በ19.5 ቮልት 65 ዋት የሚሰጠው 3.34 አምፔር ነው፣ 45 ዋት ግን 2.31 ብቻ። ጫፉ ገጠመ ማለት በቃ ማለት አይደለም።

ባትሪውን በግምት አትፍረዱበት። «ፓወር ስታቲስቲክስ» የሚባለው ፕሮግራም፣ ካልኖረም ዩፓወር የሚባለው ትእዛዝ፣ ሁለት ቁጥር ያሳያል፦ ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረውና አሁን ሲሞላ የሚይዘው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 48 ዋት-ሰዓት ሆኖ የአሁኑ 21 ከሆነ የቀረው 44 በመቶ ነው፤ ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ መውረዱ የባትሪው ዕድሜ እንጂ የሲስተሙ ጥፋት አይደለም። አስመስለው የተሠሩ ባትሪዎች ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ይዋሻሉ፤ እነሱን የሚለካው ሞልቶ እስኪያልቅ ሰዓት መያዝ ብቻ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውል ቲንክፓድ ላይ ቲኤልፒ የተባለውን የኃይል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጭኖ መሙላት በ75 እንዲጀምርና በ80 በመቶ እንዲቆም ማድረግ ዕድሜ ይጨምራል። ዋጋው የታወቀ ነው፤ መብራት የጠፋ ዕለት ሃያ በመቶ ጎድሎ ያገኛችኋል።

ታችፓዱ በራሱ የሚጫን፣ ቀስቱ የሚዘል፣ አንዱ ጥግ ወደ ላይ የተነሳ ላፕቶፕ ካለ ድራይቨር ከመፈለግ በፊት አጥፉት። ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም፤ በጥንቃቄ ይወጣና የሚቃጠል ነገር ከሌለበት ቦታ ይቀመጣል።

ዲስክ ላይ ጊዜ ወስደን እንናገር፣ ምክንያቱም እዚህ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው የመመረቂያ ጽሑፍና የድርጅት ሒሳብ ነው። ሊኑክስ ሲጫን መሃል ላይ «ኢንፑት አውትፑት ኤረር»፣ አንዳንዴም «ኤርኖ 5» ብሎ ከቆመ ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ ፍላሹ፣ የወረደው ፋይል፣ ዲስኩ። ፍላሹን በሌላ ላፕቶፕ ሞክሮ ከሠራ ዲስኩ ቀረ። ከዚያው ፍላሽ በተነሳው ሲስተም ላይ «ዲስክስ» የሚለው ፕሮግራም ይከፈትና ከላይ ካለው ዝርዝር «ስማርት ዳታ» (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘው መዝገብ) ይመረጣል። ከብዙዎቹ መስመሮች አራቱ ይበቃሉ። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎችን ይቆጥራል። 197 ሊነበቡ አልቻሉም ተብለው የሚጠበቁትን፣ 198 ጨርሶ ያልተነበቡትን ይቆጥራሉ። 199 ግን ዲስኩን ሳይሆን ኬብሉን ወይም መሰኪያውን ይከሳል፤ እሱ ብቻ ከጨመረ ኬብሉን ነቅሎ አጽድቶ መመለስ ነው። ቁጥር 5 ጥቂት ሆኖ ለወራት ካልጨመረ ዲስኩ ሊቆይ ይችላል። 197 ከዜሮ በላይ ከሆነ ግን መጫኑ ይቁም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ፋይሉ ቀድሞ ይገልበጥ፤ ጥገና፣ ፎርማት፣ ቼክ ዲስክ የሚባል ነገር ከዚያ በፊት አይነካ። የደከመ ዲስክ እንዲጠገን ሲታዘዝ የቀረውን ጉልበት በዚያው ይጨርሳል። የሚሽከረከረው ዲስክ በ2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል በሌለው ዲስክ) ሲተካ የ4ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፕ እንኳ የሚሠራበት ሁኔታ ይለወጣል፤ ለአሮጌ ማሽን ከሚደረግ ወጪ ሁሉ ቀዳሚው እሱ መሆን አለበት ብለን እናምናለን።

መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ካላየውስ? ባዮስ ውስጥ «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚለው «ሬይድ ኦን» ላይ ከሆነ ወደ «ኤኤችሲአይ» ይለወጥ። ከ11ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ባሉት «ቪኤምዲ» የሚባለውም እንዲሁ ይጠፋል። ዊንዶውስ አብሮ ካለ ግን መጀመሪያ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ከዊንዶውስ ውስጥ ታዝዞ፣ ከዚያ ነው ባዮሱ የሚለወጠው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ዊንዶውሱ በሰማያዊ ስክሪን ይቀራል።

«ዊንዶውስ ያለበት ክፍል ላይ ፋይል መጻፍ አልቻልኩም» የሚለውም ብልሽት አይደለም። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርትአፕ» ከበራ ሲዘጋ በእውነት አይዘጋም፣ ያንቀላፋል፤ ሊኑክስም ያንቀላፋ ዲስክ ላይ አልጽፍም ይላል። ልክ ነው። በዊንዶውስ በኩል ኮማንድ ፕሮምፕት በአድሚን ተከፍቶ ፓወር-ሲ-ኤፍ-ጂ፣ ክፍተት፣ ሥላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ ይጻፍ። አንዳንዴ የጠፋ ድምፅና ዋይፋይ ጭምር በዚህ ይመለሳሉ፣ ካርዶቹ ዊንዶውስ ጥሏቸው ከሄደበት ሁኔታ ስለሚወጡ።

ያለ ምክንያት የሚቆም፣ ፕሮግራም ሲከፈት የሚዘጋ ማሽን ራሙ ይመርመር። ከመጫኛ ፍላሹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ሜሞሪ ቴስት» አለ፤ ሙሉ አንድ ዙር ይጨርስ፣ ለ8 ጊጋባይት ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዜሮ የበለጠ ስሕተት፣ አንድም ቢሆን፣ ብልሽት ነው። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ለብቻ መሞከር፣ ቀዳዳ መቀያየር፣ የወርቅማውን ጫፍ በላጲስ ማጽዳት። ራም የሚገዛ ሰው ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል አንድ አይምሰሉት። ኤል ያለው በ1.35 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የ4ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፖች የሚፈልጉት እሱን ነው፣ ኤል የሌለውን ሲሰኩበት ጥቁር ስክሪን ያሳያሉ። በነገራችን ላይ «ሊኑክስ ራሙን ሁሉ በላው» ለሚሉ፦ ባዶ ራምን ፋይል ለማፍጠን ይጠቀምበታል፣ ሲፈለግ ይለቃል። መታየት ያለበት «አቬይለብል» የሚለው ቁጥር ነው።

ሙቀትን በተመለከተ ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቅ ስለምትል ፋኑ የደፈነ ላፕቶፕ እዚያ ቶሎ ይጋለጣል። ኤልኤም-ሴንሰርስ የተባለውን የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጭኖ ተርሚናል ላይ «ሴንሰርስ» ብሎ መጻፍ ነው። ሥራ ሳይኖር ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ደህና ነው። ሥራ ላይ 95 ገብቶ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ ይከፈት። አቧራው የሚጠራቀመው ፋኑ ላይ ሳይሆን በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል ነው፣ እንደ ጥጥ ፍራሽ ተጠቅጥቆ፤ ከውጭ በአየር መንፋት ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ሲነፋ ፋኑ በጣት ይያዝ፣ ከመጠን በላይ ከተሽከረከረ ይጎዳል። የደረቀው ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት) በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረግና የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ይደረግ። ብሎኖቹ በተጻፈባቸው ቁጥር ቅደም ተከተል ይጥበቁ።

ድምፅ ሲጠፋ «ደሚ አውትፑት» የሚል ካለ ድራይቨር ነው። ስፒከሩ እየታየ ዝም ካለ ተርሚናል ላይ አልሳሚክሰር የተባለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ተከፍቶ በኤፍ6 ካርዱ ይመረጥ፣ «ኤምኤም» የሚል የተዘጋ መስመር ላይ ኤም ይጫን። ብዙ ጊዜ ድምፁ ወደ ኤችዲኤምአይ ሄዶ ነው።

የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ያለበት ላፕቶፕ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ካሳየ በግራብ ገጽ (ሲነሳ ሲስተም በሚመረጥበት ገጽ) ላይ ኢ ተጭኖ «ኩዋየት ስፕላሽ» ከሚለው ቀጥሎ «ኖሞድሴት» ተጽፎ በኤፍ10 ይነሳል። ይህ ድራይቨር እስኪጫን ብቻ የሚያገለግል ክራንች ነው። በቋሚነት ትተውት «ብርሃን መቀነስ አልቻልኩም፣ ቪዲዮ ይቆራረጣል» ብለው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ ኖሞድሴት ራሱ የግራፊክስ ድራይቨሩን ስለሚያግድ ነው። ኖሞድሴት ሳይኖር ብርሃኑ እምቢ ካለ በዚያው ቦታ «ኤሲፒአይ_ባክላይት=ኔቲቭ»፣ ካልሆነ «ቬንደር» ይሞከር። የሠራው ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት በሚባለው ሥር ባለው የግራብ ፋይል ላይ ይጻፍና ሱዶ አፕዴት-ግራብ ይባል።

የጣት አሻራ ማንበቢያውን ተዉት። ብዙዎቹ ድራይቨር የላቸውም።

ለሥራ ባልደረቦቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። ደንበኛው ላፕቶፑን ሲያስረክብ በደረሰኙ ጀርባ አምስት ነገር ይጻፍ፦ የስማርት 5 እና 197 ቁጥር፣ የባትሪው ሁለት ቁጥሮች፣ የቻርጀሩ ዋት፣ ያለ ሥራ ያለው ሙቀት፣ ከፍላሽ ሲነሳ ያልሠሩት ክፍሎች። ሲረከብም እነዚያው ይለኩ። ደንበኞችም «አይሠራም» ከማለት ይልቅ አይ-ኤን-ኤክስ-አይ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ፣ ትልቁ ኤፍ፣ ኤክስ፣ ዜድ ጽፋችሁ የሚወጣውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ኑ። ማሽኑ ጭራሽ ካልተነሳ በግርጌው ተለጣፊ ላይ ያለው ሙሉ የሞዴል ቁጥር ይበቃናል፤ «ኤችፒ ነው፣ ጥቁር» አይበቃንም። ቻርጀሩንም አብራችሁ አምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የላፕቶፕ ጥገና ባለሙያዎች፣ ደሴና ኮምቦልቻ